ከአዝራር ሥር የኖረ ወረቀት

ወረቀቱን የሰረቅኩት በስምንት ዓመቴ ነው። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ምን እንደሰረቅኩ ግን በደንብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ከፊት መጠጥ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ ነበር። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ስድስት ጠረጴዛ፣ አባዬ የሚቆምበት ባንኮኒና የቢራ ፋብሪካ ስም የተጻፈበት ትልቅ መስታወት። ከመጋረጃው ወዲህ የእናቴና የአባቴ አልጋ፣ የኔ ፍራሽ፣ ገና ድክ ድክ የሚል ወንድሜና አንድ ምድጃ። ደንበኛ መጋረጃውን አልፎ አይመጣም። ጭሱ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዎቹ ሲሞሉ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ይቆይና፣ ቀስ ብሎ በመጋረጃው ላይኛ ጫፍ ወደኛ ይሻገራል። ፍራሼ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ የእንስሳት ቅርጽ እፈልግበት ነበር።

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን ታጥባለች። ገና ስትነክረው ውኃው ሻይ ይመስላል። እኔ ጨርቁ ቀለም እየለቀቀ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ቀለሙ አልቆ ነጭ መጋረጃ ይኖረናል ብዬ በጉጉት እጠብቅ ነበር። በሳምንቱ ሲታጠብ ግን ያው ሻይ ነው።

"እማዬ፣ የዚህ መጋረጃ ቀለም አያልቅም እንዴ?" ብዬ ስጠይቃት ሳቀች፤ ከዚያ አሳላት።

የእማዬ ሳቅ መጨረሻው ሳል ነበር። ሳቁ ይጀምራል፣ ከፍ ይላል፣ መሃል ላይ ስብር ይልና ሳሉ ይቀበለዋል። ባንኮኒውን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ እስኪለቃት ትጠብቃለች። ስለዚህ ሳቅ የምፈራ ልጅ ሆንኩ። ከሁሉም በላይ የምጠላው ደግሞ የሚያስቃትን ሰው ነበር።

እሱም ጋሽ መርፌ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ። ትክክለኛ ስሙ ሌላ ነበር፤ ግን ሥራውም መርፌ፣ ቅጥነቱም መርፌ ስለሆነ ሌላ ስም አላስፈለገውም። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ሲጋራውን እንዳቀጣጠለ ይገባል። የተራረፈ አዝራር ኪሱ ውስጥ ካለ ለኔ ይሰጠኛል፤ እኔም በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅመዋለሁ። አዝራሩን እወድ ነበር፤ ሰውየውን ግን አልወደውም።

"እትዬ፣ ዛሬ ምን ዓይነት ደንበኛ እንደመጣብኝ ልንገርሽ? ስወፍርም ስከሳም ልክ የሚሆነኝ ኮት ስፋልኝ ይለኛል።"

"አንተስ ምን አልከው?" ትለዋለች እማዬ።

"ጃንጥላ ግዛ አልኩት።"

እማዬ ትስቃለች፤ ያስላታል። በማግስቱ ያችኑ ቀልድ ደግሞ ይነግራታል፤ ደግማ ትስቃለች፤ ደግሞ ያስላታል። እኔ እማዬን የሚያሳምማት የጋሽ መርፌ ቀልድ ነው ብዬ አመንኩ። ጣቶቹ መካከል ያለውን ሲጋራ ልብ አላልኩትም። ሁሉም እጅ ላይ ስላለ እንደ ስድስተኛ ጣት ነበር የምቆጥረው።

አንድ ቀን ጠዋት እማዬ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ስትሄድ ሳሉ ያዛትና ትሪው ከእጇ ወደቀ። አባዬ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቶ ስለነበር ወንድሜን አዝላ፣ እኔን አስከትላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ጆሮዋ ላይ የሰካችውን መሣሪያ በእማዬ ጀርባ ላይ እያዘዋወረች ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

"ታጨሻለሽ?"

"ኧረ እኔ፣ አንድ ቀንም ነክቼው አላውቅ።"

"ታዲያ ማነው የሚያጨስልሽ?"

እማዬ ስለ ቤታችን ነገረቻት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ስሚ የኔ እህት። ደረትሽ ሃያ ዓመት ያጨሰ ሰው ደረት ነው የሚመስለው። ወይ አንቺ ከዚያ ቤት ትወጫለሽ፣ ወይ ጭሱ ይወጣል። ሁለታችሁ አብራችሁ አትኖሩም።"

"ቤቱ እኮ ቤቴ ነው። የት ልውጣ?"

ነርሷ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። ወረቀት ላይ ብዙ ነገር ጽፋ ሰጠቻት። ስንመለስ እማዬ መንገዱ ዳር ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና "ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ በሐሳብ ይሞትብኛል" አለችኝ። ምስጢሩን ዋጥ አደረግኩት። በቤታችን ውስጥ እማዬና እኔ ብቻ የምናውቀው ነገር ስለተገኘ ፈራሁም፣ ኮራሁም።

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ነርሷም ምን እንደጻፈች፣ ከአባዬ ሌላ ማን ሊያነብላት ኖሯል?

በዚያው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው በራችን ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። አባዬ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። በመጠጥ ቤቶች ውስጥ ሲጋራ ማጨስ እንዲከለከል ስለታሰበ፣ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ አለ፤ ሐሳብ ያለው ይምጣ፤ በጽሑፍ ማቅረብም ይቻላል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ነበር።

"እንዴት ነው ነገሩ?" አለ ጋሽ መርፌ። "ሳንባው የኔ፣ ሲጋራው የኔ፣ ክብሪቱ የኔ። ማዘጋጃ ቤቱን ምን ጥልቅ አደረገው?"

"ጭሱስ የማን ነው?" አለ መካኒኩ። እሱ የማያጨስ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ አንዲት ቢራ ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ሰው ነው።

"ጭሱም የኔ ነው።"

"እንግዲያው ይዘኸው ሂዳ። ለምን አፍንጫዬ ውስጥ ትተኸው ትሄዳለህ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ያልተመቸው፣ በሩ ክፍት ነው" አለ ጋሽ መርፌ።

"በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮማ ጭሱም ይወጣ ነበር።"

እንደገና ተሳቀ። በዚህ ጊዜ ግን ጋሽ መርፌ አልሳቀም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ቀልዱን እንተወው። እኔ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። አንዱ አጥብበው ይለኛል፣ ሌላው ፍታው ይለኛል። በራሴ የማዝበት አንድ ሰዓት ነው ያለኝ፤ እሱም እዚህ ወንበር ላይ ነው። ማንንም ሳልበድል ቁጭ የምልበት። እሱንም በማስታወቂያ ሊወስዱብኝ ነው?"

መካኒኩ እንኳ ዓይኑን ወደ ቢራው መለሰ። ይህ አነጋገሩ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ውሸት አልነበረበትም። ማንንም ሳልበድል ሲል ግን እማዬ ከአጠገቡ ቆማ የሞላውን መተርኮሻ እየገለበጠች ነበር።

"ባለቤቱስ ምን ትላለህ?" አለ አንዱ።

ሁሉም ወደ አባዬ ዞሩ። እኔም በመጋረጃው ቀዳዳ አባዬን አየሁት። አሁን ይናገርልናል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አባዬ የደረቀውን ብርጭቆ ደግሞ ማድረቅ ጀመረ።

"በኔ ቤት ሰው እንደወደደ ነው" አለ። "አዋቂ ሰው የሚበጀውን ራሱ ያውቃል።"

እማዬ ቀና ብላ አየችውና መተርኮሻውን ይዛ ወጣች። ያን ቀን አባቴን ጠላሁት።

ጋሽ መርፌ ከአባዬ ደብተር ላይ አንድ ቅጠል ወረቀት ገንጥሎ "እኛ የዚህ ቤት ደንበኞች" ብሎ ጀመረ። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። እሱ ሲፈርም በደንብ አየሁት። ክር እንደሚቋጥር ሰው እስክሪብቶውን ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጎ፣ ከላይ በጭረት አሰረው። ፊርማ ማለት እንግዲህ ይህ ነው ብዬ ያዝኩ፤ ወፍራም ጭረት። አባዬም ፈረመ። ጋሽ መርፌ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ "አንተ ጋ ይቀመጥ፤ እኔ ጋ ከቁርጥራጭ ጋር ተጠርጎ ይሄዳል" አለው። አባዬ ከባንኮኒው ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ አባዬ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ አገኘሁት። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ይጽፋል፣ ያቆማል፣ ይጽፋል። እማዬ ስትገባ ወረቀቱን እጥፍጥፍ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ወተፈውና "ጉዳይ አለኝ" ብሎ ኮቱን ለብሶ ወጣ። መፈረሙ አልበቃው ብሎ እየጨመረበት ነው አልኩ በልቤ።

ረቡዕ እማዬ ጓሮ ወንድሜን ስታጥብ፣ አባዬም የቢራ ሳጥን ሊያመጣ ሲሄድ፣ መሳቢያውን ከፈትኩት። የጠርሙስ መክፈቻ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ እና አራት ቦታ የታጠፈ አንድ የደብተር ወረቀት። ገለጥኩት። ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ነው፤ በየመሃሉም ወፍራም ወፍራም ጭረት። አንዱ ጭረት በጣም ተጠማዟል። ይህ የጋሽ መርፌ ነው አልኩ። ወረቀቱን በአዝራር ቆርቆሮዬ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ሥር ቀበርኩት። የነርሷ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ሁለታችሁ አብራችሁ አትኖሩም።

ሐሙስ ጠዋት አባዬ መሳቢያውን ከፈተ። መክፈቻውን አወጣ፣ ሻማውን አወጣ፣ በመጨረሻ መሳቢያውን ራሱን ነቅሎ ጀርባውን አየ።

"ምን ጠፋብህ?" አለችው እማዬ።

"ምንም።"

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ መርፌ በጥሩ ኮቱ መጣ። በባንኮኒው ላይ ዘንበል ብሎ ለአባዬ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረውና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሄደ። የአባዬ ፊት መተርኮሻ ውስጥ ያለውን አመድ መሰለ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። ጋሽ መርፌ ወረቀቱን ሲጠይቀው፣ አባዬ ጠፋ ብሎት ነው።

አመሻሽ ላይ መጀመሪያ የገባው መካኒኩ ነበር። "ተከለከለ" አለ፤ "እጅ ወጣ፣ አለቀ።" ቀጥሎ አባዬ ገባ። በመጋረጃው አልፎ፣ በኛ ክፍል አልፎ፣ ጓሮ ወጣ። ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እማዬ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። በመስኮቱ አይቼ ፍራሼ ላይ ተደፋሁ። የአባቴን ቤት ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

እውነትም ለጥቂት ሳምንታት ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ከዚያ ሰው አንድ በአንድ ተመለሰ፤ ሌላው ቤትም ያው ነዋ። አባዬ ውጪ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ሠራ። ጋሽ መርፌ ሲያሰኘው ወጥቶ ያጨስና ተመልሶ ይገባል። "ማዘጋጃ ቤቱ በእግሬ ስፖርት አሠራኝ" ይል ነበር። አንድ ቅዳሜ እማዬ መጋረጃውን ስትነክር ውኃው ውኃ ሆኖ ቀረ። ጨርቁ ለካ ሰማያዊ ነበር።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ አባዬ ለጋሽ መርፌ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ምርጥ ወንበር ሰጠው። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት "ይቅርታ፣ ባለቤት አለው" ብሎ ያስነሳለታል። ምንም ቢናገር አይቃወመውም። የጃንጥላዋን ቀልድ ባነሳ ቁጥር ጥርሱ እስኪታይ ይስቅለታል። ይህ ሁሉ ለኔ ግልጽ ነበር። የጠፋው ወረቀት ካሳ ነው። እኔ ባጠፋሁት አባዬ እየካሰ ነው።

እማዬ እስክትድን ሁለት ዓመት ፈጀባት። በዚያን ጊዜ ወንድሜን የያዝኩት፣ ቤቱንም የጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት በዚያው ቀረ። በኋላ አባዬ "አሁን ሂጂ" ሲለኝ ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ አሳፈረኝ። ያ አንደኛው ምክንያት ነው። ሌላውን ለማንም አልተናገርኩም፦ ማንበብ ከቻልኩ ያን ወረቀት ማንበብ ሊኖርብኝ ነው። ሰው እንዳላስነብብ ደግሞ ጥፋቴ ይወጣል። ሳገባ ቆርቆሮውን ይዤው ሄድኩ።

ዛሬ ሴት ልጅ አለችኝ። እኔ በባዶ ነገር የምሸበር እናት ነኝ፤ ስታስነጥስ ልቤ ይቆማል፣ ስትተኛ ደረቷ ላይ ጆሮዬን እጥላለሁ። ባለፈው ዓመት ትኩሳት ያዛትና የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዤ ቆምኩ። በማንኪያ ስንት እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ለኔ ግን አይናገርም። ጎረቤት አንኳኩቼ አስነበብኩ። ልጄ ስትድን፣ እሷው በምትማርበት ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች የሚሰጠው ክፍል ገብቼ ተመዘገብኩ። በዐሥረኛው ወር ጠርሙሱን አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የምሸሽበት ምክንያት አላገኘሁም፤ ቆርቆሮውን አወረድኩ።

አዝራሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። "እኛ የዚህ ቤት ደንበኞች" የሚለውን ፈለግኩ። የለም። አንድ እጅ ብቻ የጻፈው ነው፤ የአባዬ እጅ።

"ለማዘጋጃ ቤቱ" ይላል። "እኔ የመጠጥ ቤት ባለቤት ነኝ።" ከዚያ የመጀመሪያው ወፍራም ጭረት። በመስኮቱ ብርሃን አንጻር አድርጌ ከጭረቱ ሥር ያለውን ፊደል በፊደል አወጣሁት። "ሚስቴ ታማለች" ይላል፤ ተሰርዟል። ቀጥሎ "የልጆቼ እናት በጭሱ" ይላል፤ ተሰርዟል። የጋሽ መርፌ ፊርማ ነው ያልኩት፣ በጣም የተጠማዘዘው፣ ከሥሩ "ትሞትብኛለች" ይላል። ወረቀቱ እስኪቀደድ ተሰርዟል።

ከዚያ ጭረት የሌለው ይቀጥላል። "በቤቴ የሚሠራ አንድ ሰው በጭሱ ተጎድቷል። እኔ ብቻዬን ብከለክል ደንበኞቼ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ፤ ቤቴ ይዘጋል። ሁላችንንም ብትከለክሉ ግን የሚሄዱበት የለም። ስለዚህ እባካችሁ ከልክሉን። ሐሙስ ተነስቼ ስቃወም ብትሰሙኝ አትመኑኝ።"

እንደኔ ላለ ሰው ደስታ እንኳ ወዲያው አይደርስም። መጀመሪያ የመጣብኝ ድንጋጤ ነው፤ ደብዳቤውን አስቀርቼበት ኖሯል ብዬ። ልጄን ይዤ ወደ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ አሁን የሚቆመው ወንድሜ ነው፤ ያ ድክ ድክ ይል የነበረው። ጋሽ መርፌ መስኮቱ ጋ ወንበሩ ላይ አለ። ልጄ አዝራር ልትቀበለው ወደ እሱ ሮጠች። እኔ በሰማያዊው መጋረጃ አልፌ አባዬ ፊት ወረቀቱን ዘረጋሁት።

መነጽሩን አደረገ። የተሰረዙትን በጣቱ ተከተላቸው።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከመሳቢያው። በስምንት ዓመቴ። የጋሽ መርፌ ፊርማ ያለበት መስሎኝ ነው። አባዬ፣ ደብዳቤህን አስቀረሁብህ?"

"ይሄ እኮ መሞከሪያው ነው። ንጹሑን ገልብጬ ኮቴ ኪስ ከትቼ ነበር፤ በዚያው ማክሰኞ ጠዋት አስገብቻለሁ። ይሄን መቅደድ ነበረብኝ፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ።"

"ታዲያ ሐሙስ ለታ ጋሽ መርፌ ምን አለህ? ፊትህ አመድ መስሎ ነበር።"

"'ወረቀቱን ከመሳቢያህ ወስጃለሁ፣ አትፈልገው' አለኛ። ያስፈረመውን ማለቱ ነው ለካ። እኔ መሳቢያው ውስጥ አንድም ወረቀት ሳጣ ሁለቱንም ወሰደ አልኩ። አንብቦታል፣ አንድ ቀን ሰው ፊት ያወጣዋል ብዬ..." ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ መጋረጃው ተመለከተ። "ወንበሩንስ ለምን የሰጠሁት ይመስልሻል?"

"ጓሮ ያለቀስከውስ?"

"እፎይ ብዬ ነዋ። እናትሽ ልትተርፍልኝ ነው ብዬ።"

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር ለካ። "እኔማ ደብዳቤውን ያን ቀን ሳጥኑ ላይ ነግሮኛል" አለች። "የማላውቀው የወንበሩን ነው።"

ሦስታችንም ተያየን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እኔና አባዬ፣ በአንድ መጋረጃ ግራና ቀኝ፣ አንዲት ወረቀት ፈርተን ኖረናል። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አባዬ ግን ተነሳ። መጋረጃውን ገልጦ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው። ጋሽ መርፌ ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ ጀምሯል።

"...ስወፍርም ስከሳም ልክ የሚሆነኝ ኮት ስፋልኝ አለኝ። ምን አልኩት መሰለሽ? ጃንጥላ ግዛ አልኩት።"

እንደ ልማዱ የአባዬን ሳቅ ጠበቀ። አባዬ አልሳቀም።

"ጋሽ መርፌ።"

"አቤት።"

"ይቺ ቀልድ እኮ አታስቅም።"

ጋሽ መርፌ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ሠላሳ ዓመት ስትስቅ አልነበረም እንዴ?"

"ስለምፈራህ ነው።"

"እኔን?" ጋሽ መርፌ ቀጫጭን እጆቹን አገላብጦ አያቸው። "ምኔን?"

ይሄኔ እማዬ ሳቀች። ሳቁ ጀመረ፣ ከፍ አለ። እኔ የባንኮኒውን ጠርዝ ጨብጬ እንደ ልማዴ ሳሉን ጠበቅኩ። ልጅነቴን ሙሉ የጠበቅኩበት ቦታ ላይ ደረሰ፣ አለፈው፣ ጋሽ መርፌንም አባዬንም ልጄንም ይዞ ዞረ፣ ከዚያ ሲበቃው በራሱ ጊዜ አለቀ።

እጄን ከባንኮኒው ላይ አነሳሁ።